የተረከዝ መርገጫ

«ትቀመጫለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?»

ወንድሜ ይህን ሲጠይቀኝ ፊቱን አላዞረም። ሞተር ሳይክሏ አጠገብ ተንበርክኮ ሰንሰለቷን ዘይት በነካ ጨርቅ ይጠርጋል። እኔ ሻንጣዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ የት እንደማሳርፈው ቸግሮኛል። ክፍሉ ለትምህርት ውጭ አገር ከመሄዴ በፊት የኔ ነበር። አሁን አልጋዬ በነበረበት ቦታ ሞተሯ ቆማለች፤ የመጽሐፎቼ መደርደሪያ ላይ ብሎን፣ ላስቲክ፣ ሞረድና የቀለም ቆርቆሮ ሞልቷል።

«ማለት?»

«ማለትማ ማለት ነው። እንደ ሰው ትኖሪያለሽ ወይስ እንደ እንግዳ ሰንብተሽ ውልቅ ትያለሽ? ይሄን ሁሉ ተምረሽ ይሄ ይከብድሻል?»

ከብዶኝ ነበር። እዚያ ሳለሁ ልቤ እዚህ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ልቤ ዞሮ እዚያ ሄደ። አውሮፕላን ከመሳፈሬ በፊት፣ በተማርኩበት ከተማ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። ለክፉም ለደጉም ብዬ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ «እንጃ» ማለት ነበረብኝ። «የምቀመጥ ይመስለኛል» አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ሰማች። የእናቴ ጆሮ መርጦ ነው የሚሰማው፤ ከ«ይመስለኛል» ውስጥ ጥርጣሬውን አበጥራ ጥላ ፍሬውን ብቻ ወሰደች። «ተመስገን! ትቀመጣለች!» እያለች ወጣች። ለራት ስንቀርብ ነገሩ ያለቀለት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

«ልጄ ብረት ታቅፋ አትተኛም» አለች። «ክፍሏ ይለቀቅላት። ሞተሯም ትሸጥ።»

«እኔ ሳሎን እተኛለሁ፣ ምን ቸገረኝ?»

«ሳሎን የሚተኛ እንግዳ ነው።»

ሌላ ቦታ ማቆም እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። ግቢው የጋራ ነው፤ የተከራዮች የልብስ ገመድና የውሃ በርሜል መፈናፈኛ አሳጥቶታል። በዚያ ላይ በሰፈራችን ውጭ ያደረ ብረት እግር ያወጣል። ወንድሜ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ደግሞ «የሠራተኛ ንብረት አላሳድርም» ብሎ ድሮ ቁርጡን ነግሮታል።

ወንድሜ የጎረሰውን አላምጦ ዋጠ። ከዚያ «እሺ፣ ትሸጥ» አለ። «ግን የገዛት ሰው በር ድረስ እኔ ነድቼ ነው የማደርሳት። በመኪና ተጭና አትሄድም፣ ሌላ ሰውም ከዚህ ግቢ ነድቶ አያወጣትም። የመጨረሻውን እኔ ነኝ የምነዳት።»

«ማን ከለከለህ?» አለች እናቴ።

ሞተሯን ያገኛት እኔ በሌለሁበት ዘመን ነው። ተጋጭታ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ልትሸጥ ስትል ደርሶ በጋሪ አመጣት። «መሪዋ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሎ ነበር» ይላል። ሻሲዋን አቃና፤ ሲሊንደሯን አስፍቶ ወፈር ያለ ፒስተን ከተተላት፤ የፊት ፍሬኗን ከእሷ ከምትበልጥ ሞተር አምጥቶ ገጠመላት። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ራሱ ጠምዝዞ በየደው፤ ስትነሳ ድምጿ ጎርናና ነው፣ እየፈጠነች ስትሄድ ይቀጥናል። ቀለሟ ከደንበኞች መኪና ከተረፈ ቀለም የተደባለቀ ነው፤ ጥላ ውስጥ ጥቁር፣ ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ ቢያያት አያውቃትም።

ከሁሉም የምትለየው ግን በግራ በኩል ባለች ቁራጭ ብረት ነበር። እንዲህ ያለ የውድድር ሞተር ማርሹ የሚቀየረው በግራ እግር ጣት ነው። አንደኛን ለማስገባት ወደ ታች መጫን ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ለማስገባት ግን ጣትን ከሥር አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። የወንድሜ ግራ እግር ደግሞ ወደ ላይ አይነሳም። በሕፃንነቱ የተወጋው መርፌ ነርቩን አግኝቶት፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታች መጫን እንጂ ማንሳት አያውቅም። ስለዚህ ከማርሹ ዘንግ ወደ ኋላ የምትሄድ መርገጫ ሠርቶ በየደላት። ጣቱን በማንሳት ፈንታ በተረከዙ ይረግጣታል፤ ተረከዙ ሲወርድ ማርሹ ይወጣል።

ስለ እግሩ በቤታችን አይወራም። ለመርፌው አዝላ የወሰደችው እናቴ ናትና፣ እግሩን ያነሳ ሰው እሷን የከሰሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ሲያነክስ «ጫማው አስቸገረው» እንላለን። ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ «ይሄ የተረገመ ጫማ!» ከልጅነታችን ጀምሮ በስንቱ ጫማ አሳበናል። እሱም አብሮን «ጫማዬ ነው» ይላል።

ማስታወቂያውን የመጻፍ ሥራ ለኔ ተሰጠ። «የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ አሳምረሽ ጻፊ» ተባልኩ። የተማርኩት የከተማ ፕላን ነው፤ ሞተር ስለ መሸጥ ያስተማረኝ የለም። ቢሆንም እሱ እየነገረኝ ፒስተኑንም፣ ፍሬኑንም፣ ማርሚታውንም ደረደርኩ። መጨረሻ ላይ ከራሴ «በተረከዝ የሚሠራ ልዩ የማርሽ መርገጫ አላት፤ ግራ እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው የተመቸች» ብዬ ጨመርኩ። ስልኬን ተቀብሎ አነበበ።

«ይሄን አውጪ።»

«ጋሼ፣ ገዢው ማወቅ አለበት እኮ። ደግሞ የሚያኮራ ሥራ ነው።»

«የምንሸጠው ሞተር ነው፤ እኔን አይደለም።»

ያን አጥፍቼ የቀረውን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት።

ከዚያ ስልኬ ዕረፍት አጣ። አንዱ ደውሎ «ስንት ኩንታል ትችላለች?» አለኝ።

«ወንድም፣ የውድድር ሞተር እኮ ናት።»

«ይሁና። ተወዳድራ ስታበቃ ከሰል አትጭንም?»

ሌላው መጥቶ ላይዋ ተፈናጦ ከየአቅጣጫው ፎቶ ተነሳና «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። አብዛኞቹ እኔን አልፈው ከግድግዳው ጋር ነው የሚያወሩት፤ «ወንድ የለም እዚህ ቤት?» ይላሉ። ወንድሜ ይወጣና «እሷን አናግሩ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ» እያለ ያሾፍብኛል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ከማሽኗ ቀና ብላ «እናንተ፣ ሞተር ነው የምትሸጡት ወይስ ሴት ልጅ ነው የምትድሩት? ይሄ ሁሉ ሰው ሲመላለስ!» ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ወንድሜ «ነይ ውጪ» አለኝ። «የምትሸጪውን ዕቃ እወቂው።»

ከኋላው ተቀመጥኩ። የኋላው መቀመጫ የመዳፍ ያህል ነው፤ የማስበው ስለ መውደቅ ብቻ ነበር። የልብስ ሰፊዋን ሱቅ ስናልፍ ተረከዙ ወረደ፣ የሞተሯ ድምፅ ተቀየረ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ እንደገና ወረደ፤ እንደገና። ቤቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ያደግኩት ከወንድሜ ቀድሜ እየሄድኩ፣ ጥግ ጥግ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት ነው። ያን ጠዋት ልደርስበት የማልችል ሰው ሆነ። እዚያ ላይ ጫማው አያስቸግረውም።

ከተማው ዳር ካለው ድልድይ ስንደርስ አቆመ። ጀርባው ላይ ተለጥፌ ነበር የመጣሁት፤ እጄን ከወገቡ አላቅቄ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ አትሽጣት» አልኩት።

ሄልሜቱን አወለቀ። «ትቀመጫለሽ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው።»

«ሌላ አይደለም፣ አንድ ነገር ነው። ከተቀመጥሽ ትሸጣለች። እህቴ ቤቷ ገባች ብዬ ደስ እያለኝ ነው የምሸጣት። የምትሄጂ ከሆነ ግን አሁን ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም። ብቻ በከንቱ እንዳታሸጪኝ።»

አንድ የጭነት መኪና ድልድዩን እያናወጠ አለፈ። ጫጫታው እስኪያልፍ የምጠብቅ መስዬ በዓይኔ ሸኘሁት። ማመልከቻውን ልነግረው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መልስ ያልመጣለት ማመልከቻ ምን ተብሎ ይነገራል? ምናልባት አይቀበሉኝም፤ ምናልባት ቢቀበሉኝም አልሄድ ይሆናል። ደግሞ የእናቴ «ተመስገን» ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«እቀመጣለሁ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀና ሄልሜቱን አጠለቀ። ስንመለስ ቀስ ብሎ ነዳ።

በመጨረሻ የገዛት አንድ ባለ ስልክ ቤት ነው። ሌላ ሰፈር ስልክና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ጎረምሳ ነው፤ ሞተር ሳይኖረው ሄልሜት ገዝቶ፣ የሄልሜቱ መስተዋት ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳ ሳይላጥ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ዋጋ ላይ ብዙ አልተከራከረም። ዞራት፣ ተቀመጠባት፣ አስነሳት። ድምጿን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ይቺ ሞተር አይደለችም፣ አውሬ ናት!»

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ሥራውን ሲያደንቁለት ሁሌም መሬት ነው የሚያየው።

ከዚያ ጎረምሳው ወደ ግራ ጎንበስ አለ። «ይቺ ደግሞ ምንድናት?» በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት።

ወንድሜ ጨርቁን አንስቶ እጁን ጠረገ።

«ይሄ የጭነት ሞተር ላይ ያለ ነገር አይደል? ወተት የሚያመላልሱበት ሞተር ላይ?» ሳቀ። «ጓደኞቼ ቢያዩኝ ‹አንድ ሊትር ቅዳልኝ› ነው የሚሉኝ። አንሱልኝ ይቺን።»

«በኋላ ልታስቆርጣት ትችላለህ» አልኩ። «አሁን እንዳለች ትድረስና...»

«ለምን በኋላ፣ እህቴ? የበየዳት ሰውዬ እዚህ ቆሞ? ልጆቹ ዛሬ ሊያዩዋት እየጠበቁኝ ነው።» ወደ ወንድሜ ዞረ። «ወይስ ጥቅም አላት? ካላት ንገሩኝ።»

ጥያቄው ተንኮል አልነበረበትም። ከመሃላችን አንዱ «ለእግሩ ናት» ቢል ምናልባት አፍሮ እንዳለች ይወስዳት ነበር። ወንድሜ እናቴን አየ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች። እኔ ሁለቱንም አየሁ።

«ምን ጥቅም አላት፣ ቁራጭ ብረት ናት» አለች እናቴ። «አንሱለትና ይሂድ።»

እኔ እናቴን ጠበቅኩ፤ እናቴ ራሷን ጠበቀች፤ ወንድሜ ደግሞ ሁላችንንም። ያቺን ቁራጭ ብረት የጠበቀ አልነበረም።

ወንድሜ የብረት መቁረጫውን ከመደርደሪያው አውርዶ ሰካ። ብልጭታው ወለሉ ላይ ተበተነ። ብየዳው እምቢ አለ፤ መቼም እንዳትለቅ አድርጎ ነበር የበየዳት። ሁለት ጊዜ አቁሞ ላቡን ጠረገ። ባለ ስልክ ቤቱ «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያለ ያበረታታዋል። በመጨረሻ ብረቷ ወለሉ ላይ ወድቃ ጮኸች። ወንድሜ የተቆረጠውን ቦታ በሞረድ አለሰለሰ፣ ጣቱን ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ ቀባው። እዚያ ቦታ ላይ አንዳች ነገር የነበረ አይመስልም።

«ይኸው! አሁን ሞተር መሰለች። በል ወንድሜ፣ እህትህ ‹እሱ ካላደረሳት አትሸጥም› ብላኛለች። አንተ ንዳት፣ እኔ በታክሲ እከተልሃለሁ።»

በቀስታ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እንግፋት» አልኩት።

«ምነው፣ ሞታለች እንዴ የምንገፋት?»

ተቀመጠ። ፍሪሲዮኑን ያዘ፣ ግራ እግሩን ጫነ፤ አንደኛ ማርሽ ገባ። መጫን ይችላል። ከግቢው ወጣ። እኛም ተከትለን ወጣን።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጋ ሲደርስ ድምፁ መቀየር ነበረበት። አልተቀየረም። ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ከዚያም መጮህ ጀመረ። ትከሻው አንዴ ዘንበል ሲል አየሁት፤ እግሩን ሙሉ ከጉልበቱ እያነሳ በጫማው አፍንጫ ማርሹን ከሥር ሊያገኘው ይሞክራል። ጫማው እየተንሸራተተ ይወርዳል። እንደገና ሞከረ። አስፋልቱ ላይ ወጣ። አላቆመም። ያ ሁሉ የሰፋ ሲሊንደር፣ ያ ሁሉ ፒስተን በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ መንገዱን ይዞ ወረደ። ከኋላው መኪና ጥሩንባውን ነፋበት። እንቁላል የጫነ ባለ ብስክሌት ዞር ብሎ እያየው አለፈው።

ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ተነስታ ወጣች። «ምን ነካው ዛሬ? ማርሹ ተበላ እንዴ?»

«ቆይ!» አለ ባለ ስልክ ቤቱ። «ሰውዬው መንዳት አይችልም እንዴ? ኢንጂኔን ሊያቃጥለው ነው እኮ!» ጮክ ብሎ «አቁም! አቁም!» እያለ ሮጠ።

እናቴ ከኋላችን ደርሳ ነበር። ለጎረምሳው ጀርባ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለመንገዱም ይሁን ለኔ አላውቅም፣ «ጫማው ነው» አለች። «ጫማው አስቸግሮት ነው።»

እኔ ወደ ወንድሜ መራመድ ጀመርኩ።

ወንድሜ ከመታጠፊያው በፊት አቆመ። ቁልፉን ሮጦ ለደረሰበት ጎረምሳ ሰጠው። ባለ ስልክ ቤቱ ሄልሜቱን ከነፕላስቲኩ አጥልቆ ተቀመጠ፤ አንደኛን ጫነ፤ ከዚያ እንደ ዋዛ ጣቱን ከሥር አስገብቶ አነሳ። ድምፁ ተቀየረ። እንደገና አነሳ። ወንድሜ ድምፁ እስኪጠፋ መንገዱ ዳር ቆሞ ሰማ።

ስደርስበት «ሦስተኛን ቸኮለባት» አለኝ። ወደ ቤት አልተመለሰም፤ በዚያው ወደ ጋራዡ እያነከሰ ሄደ።

እናቴ ክፍሉን ስትጠርግ እንዳታያት ብዬ የተቆረጠችውን መርገጫ ከወለሉ አንስቼ በሩ ጀርባ በተሰቀለው የብርድ ካፖርቴ ኪስ ከተትኳት። እኛ ሰፈር ካፖርት የሚያስለብስ ብርድ የለም፤ ከመጣሁ ጀምሮ ለብሼው አላውቅም። ለወንድሜ በቀስታ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ያን ነገር አንስቶ መስጠት እግሩን ማንሳት ይሆናል። ቀን ቀንን ወለደ።

ክፍሉን ቀለም የቀባልኝ እሱ ነው። አልጋዬ ተመለሰ፣ መደርደሪያው ታጠበ። ወለሉ ላይ የቀረው የዘይት እድፍ አልለቅ ሲል እናቴ ምንጣፍ ጣለችበት። መስኮት ከፍቼም ዘግቼም የቤንዚኑ ሽታ አልወጣም። እንቅልፌን ግን አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ ስልኬ ነው፤ በየቀኑ ኢሜይሌን እከፍታለሁ፣ ባዶ ሲሆን እፎይ እላለሁ፣ እፎይ ካልኩ በኋላ ይከፋኛል።

አንድ ቀን ባዶ አልነበረም። ተቀብለውኛል።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ ነው። አለቀሰች፣ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። ያንን ካፖርትም አጥፋ ከሻንጣው ሥር ያስገባችው እሷ ናት። ለወንድሜ የነገረችውም እሷ ናት።

የምሄድ ቀን ሻንጣዬን እስከ ታክሲው ተሸክሞ ወጣ። ደረጃው ላይ ተደናቀፈ። «ጫማዬ» አለ። ሻንጣውን ከኋላ ጭኖ ክዳኑን ዘጋና እጁን እዚያው ላይ እንዳደረገ ጠየቀኝ።

«መቼ ነበር ያመለከትሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከመምጣቴ በፊት።»

ድልድዩ ላይ እንዳደረገው ራሱን ነቀነቀ። ባለ ታክሲው ሞተሩን አስነሳ።

«ክፍሉን እንግዲህ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ክፍሉ የት ይሄዳል?» አለና ክዳኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፤ ሂድ እንደ ማለት።

እዚህ፣ የተማርኩበት ከተማ ስደርስ ብርዱ ጠብቆኛል። ካፖርቴን አውጥቼ ስለብሰው ኪሴ ወደ አንድ ጎን ጎተተኝ። እጄን ሰድጄ አወጣኋት። ከመዳፌ አትበልጥም፤ ግን ለመጠኗ ከባድ ናት። አንደኛው ጫፏ የተቆረጠበት ሻካራ ነው። ተረከዙ ያርፍባት የነበረው ፊቷ ቀለሙ ተልጦ፣ ብረቱ እንደ ማንኪያ አብረቅርቋል። መዳፌ ላይ አድርጌ ፎቶ አነሳኋት። ብዙ ጻፍኩ፤ ስለ ድልድዩ፣ ስለ እግሩ፣ «ለእግሩ ናት» ስላላልኩበት ቀን። ሁሉንም አጠፋሁት። ከፎቶው ሥር የላክሁለት ይህን ብቻ ነው፤

«ጋሼ፣ መርገጫዋ እኔ ጋ ናት። ልላክልህ?»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። እናቴ እስከ ዛሬ ትደውላለች፤ ስለ ብርዱ ትጠይቀኛለች፣ ክፍሉ ተቆልፎ እንዳለ ትነግረኛለች፣ እሱ ደህና ነው፣ አዲስ ጫማ ገዝቷል ትለኛለች። እሱ አልመለሰልኝም።